ከይፋግ ገበያ የቀረበችው ናይሮቢ

ልጄ ናፍቆት፣ ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ላንቺ ልንገርሽ፦ አውሮፕላን በላያችን ባለፈ ቁጥር፣ ውስጡ ያለሽ እየመሰለኝ ከሩዝ ማሳው ቀና ብዬ እመርቃለሁ። ዛሬም ሜዳችንን ውኃ የሚያለብስ አምላክ በጤና ያኑርሽ።

እኛ ደህና ነን። ላሟ ወልዳለች፤ ሩዙም አምሮበታል። ማህደርን ስትወልጂ "ናይሮቢ ሩቅ ነው" ብዬ ቀረሁ። በምጥሽ ሰዓት "ማርያም፣ ማርያም" የሚልልሽ ሰው ማጣትሽ ሲቆረቁረኝ ኖሯል። ሁለተኛውን ማርገዝሽን የሰማ ጎረቤታችን መምህር አምባው፣

"እትዬ ታይቱ፣ ከአዲስ አበባ ናይሮቢ በረራው እኮ ሁለት ሰዓት ነው" አለኝ።

"አታሹፍብኝ! ይፋግ ገበያ ልሄድ ብል መኪናው እስኪሞላ ከዚያ በላይ እጠብቃለሁ" አልኩት።

"እንግዲያማ ናይሮቢ ትቀርባለቻ!"

ስቄ ስቄ አለቀስኩ። ቲኬቱ ተቆርጧል፤ ለዚህኛው እደርሳለሁ። አባትሽ ነፍሱን ይማረውና፣ ቢያየኝ እንዴት በሳቀብኝ! የገንፎውን ገብስ አስፈጭቻለሁ፤ ቅቤውም ተነጥሯል። እስክመጣ ከባድ ነገር አታንሺ፣ አደራሽን። ማርያም በሽልም ታውጣሽ።

ይህ ደብዳቤ ይድረስ ለአንቺ፣ ለማህደር፣ እንዲሁም በእጄ ልቀበለው ለምመጣው እንግዳችን።