በጽዳት ቀን ስለተጣለው የመሪ ዘንግ ጫፍ

ለተከበሩ አቶ ሃልቫርድ፣
የሶልባከን መኖሪያ ቤቶች ማኅበር ሊቀመንበር
ኖርዌይ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎንና ቤተሰብዎን በፍጹም ጤንነት እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። እኔና ባለቤቴ ቱሪድ አለን፤ መኪናችን ግን አንድ የፊት ጎማዋ ወልቆ፣ በክሪክ ተደግፋ ከመስኮትዎ ሥር ቆማለች። በየማለዳው ብቅ ብለው ስለሚጎበኟት እናመሰግናለን።

አንደኛ፤ ስለ ፀደዩ የጋራ ጽዳት ቀን ምስጋናዬ ይድረስዎ። መሪውን ከጎማው ጋር የሚያያይዘው የዘንግ ጫፍ ተበልቶ ስለነበር፣ አሮጌውን በመዶሻና በትዕግሥት አላቅቄ፣ አዲሱን ከነካርቶኑ መሬት ላይ አኑሬ፣ ግራሶ ለማምጣት ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። ስመለስ ጎረቤቶቼ በእርስዎ ትጉህ አመራር አዲሱንም አሮጌውንም ከተሰበሩ ወንበሮች ጋር የቆሻሻ መኪናው ላይ ጭነው ሸኝተውታል። እርስዎም ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «ኦድቫር፣ ግቢው እንዴት እንዳማረበት አየህ? በል ና፣ ቋሊማው ሳይቀዘቅዝ ብላ» አሉኝ። በላሁ። ቋሊማው ጥሩ ነበር፤ ንዴቱ ግን እስካሁን አልበረደልኝም።

ሁለተኛ፤ በማግስቱ በፊርማዎ የለጠፉት ማስታወቂያ የማይንቀሳቀስ መኪና በግቢው እንዳይቆም፣ በግቢው ውስጥም መኪና እንዳይጠገን ያዝዛል። አርቆ አሳቢነትዎን አደንቃለሁ። ያልተጠገነ መኪና አይንቀሳቀስም፤ የማይንቀሳቀስም መቆም አልተፈቀደለትም፤ እንግዲህ የቀረው መብረር ብቻ ነው።

ሦስተኛ፤ ቱሪድ ዓይኗን መርፌ የምትወጋው ከፊዮርዱ፣ ከባሕር ወሽመጡ ማዶ ባለው ሆስፒታል መሆኑን ደጃፍዎ ላይ ቆሜ ነግሬ፣ መኪናዬን እዚሁ ግቢ ለመጠገን ፈቃድዎን ጠይቄዎት ነበር። ጉዳዩ በሚቀጥለው ወር ስብሰባ እንደሚቀርብ በትሕትና ገለጹልኝ። ፈቃድዎን ስጠብቅ ቆይቼ በመጨረሻ ታክሲ ብጠራ፣ ጀልባዋ አመለጠችን፤ ቀጠሮውም አለፈ። መርፌው ሲዘገይ የሚጠፋው ብርሃን አይመለስም። ቱሪድ የእርስዎ ፊት እየደበዘዘባት መሆኑን ነግራኝ፣ ይህን እንደ ጉዳት እንዳልቆጥረው አጽናናችኝ። እኔ ግን አልተጽናናሁም፤ ፈርቻለሁ።

በመጪው ፀደይም መጥረጊያውን ይዞ ቀድሞ የሚገኝልዎ፣ ንብረቱን ግን ታቅፎ የሚጠርግ፣

ታዛዥ ጎረቤትዎ
ኦድቫር

ማሳሰቢያ፦ መኪናዎ ወደ ግራ ስትታጠፍ ከፊት ጎማዋ ኳ ኳ ትላለች፤ የእኔዋንም የጀመራት እንዲሁ ነበር። የሰማችው ቱሪድ ናት፤ ዓይኗ ሲደክም ጆሮዋ ነቅቷል። መኪኖቻችን አንድ ዓይነት ናቸው፤ እንደገና ያዘዝኩት ዕቃም ጥንድ ሆኖ ስለመጣ፣ የተረፈውን በደስታ እገጥምልዎ ነበር። ምን ላድርግ፣ በፊርማዎ ተከልክሏል። ወደ ጀልባው የሚወስደውን ቁልቁለት ሲወርዱ መሪውን በሁለት እጅዎ ይያዙ።