ሞታለች ያልኋት እናቴ

ዓርብ፣ የካቲት 3 ቀን 1959፣ ፍኖተ ሰላም

አልሄድም ብል ምክንያቱን ይጠይቁኛል። ያለኝን ምክንያት ደግሞ አልናገረውም። ባለቤቴ ታከለ ከቢሮ ሲመለስ ቡሬ ላይ የጥንት ኑሮ የሚታይበት መንደር መሠራቱንና እሑድ አብረን እንደምንሄድ ነገረን። ጎጆ፣ ጎተራ፣ የወፍጮ ድንጋይ፤ ሸማኔው ሲሸምን፣ ቀጥቃጩ ሲቀጠቅጥ ቆሞ ማየት ነው። «ሸክላ ሠሪዎቹን ከቋሪት ነው ያመጧቸው» አለ። የጠቀለልሁትን ጉርሻ መልሼ ትሪው ላይ አኖርሁ።

እናቴ የቋሪት ሸክላ ሠሪ ናት። ስንጋባ ለታከለ ሞታለች አልሁት። ቡዳ ከሚባል ቤት ማን ያገባል? ደብረ ማርቆስ ወስዳ ያሳደገችኝ የክርስትና እናቴም አፏን ያዘችልኝ። ስምንት ዓመት ሆነው። አልፎ አልፎ ጨውና ነጠላ በሰው እልክላታለሁ፤ እኔ ግን አልሄድሁም። አስተማሪ ነኝ እኮ! ልጆችን አትዋሹ የምል።

እሑድ፣ የካቲት 5

አማቴ፣ ታከለ፣ የስድስት ዓመቷ ልጄ ውቢት፣ እኔ። ሁላችንም ሄድን።

ሦስተኛው ጎጆ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች። እናቴ። አርጅታለች። እጇ ጭቃው ውስጥ እንዳለ ቀና ብላ አየችኝ፤ መልሳ አቀረቀረች። ውቢት ሮጣ ጭቃውን ነካች። አማቴ ጮኹ። እናቴም «እሜቴ፣ ልጅዎን ይያዙልኝ፤ ልብሷ ይቆሽሻል» አለችኝ። እኔን! አንቱ ብላ! የልጄን እጅ ጎትቼ ሄድሁ። እንዲህ ያለ ልብ ከየት አመጣሁ?

ሰኞ፣ የካቲት 6

ውቢትን ያተኩሳታል፤ ያስመልሳታል። ትናንት ስንመለስ ሁለት አገዳ ሸንኮራ ጨርሳለች፤ እሱን የሚያነሳ የለም። አማቴ «ያቺ ሴትዮ በልታታለች። መጥታ እንትፍ ካላለችባት አትድንም» አሉ። ታከለ በዚህ አያምንም፤ የእናቱን ቃል ግን አይጥስም። ሰው ላከ። እኔስ? ውኃ አፈላሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 7

አመጧት። አማቴ ከግቢው በር አላሳልፍ አሉ፤ ልጄን አቅፌ ወጣሁ። እምቢ ማለት ትችል ነበር። እንትፍ ማለት እኮ አዎ ቡዳ ነኝ ብሎ ማመን ነው። የልጅ ልጇን ፊት ብዙ አየች። ከዚያ ሦስት ጊዜ እንትፍ አለችባትና «እደጊ» አለቻት።

ፊቷን አዙራ ስትሄድ ከአፌ ወጣ፦ «እናቴ ናት!»

አማቴ አማተቡ። ታከለ አፈጠጠብኝ። እናቴ መለስ ብላ «ኧረ እኔ አላውቃቸውም ጌታዬ፤ የልጅ ጭንቀት ነው የሚያስለፈልፋቸው» አለችው። ሄደች። አሁንም ተከትዬ አላስቆምኋትም።

ረቡዕ፣ የካቲት 8

ትኩሳቱ ለቀቃት፤ ቂጣ በላች። አማቴ አያናግሩኝም፤ የምበላበትን ሳህን ለብቻው አስቀምጠዋል። እናቴ ወደ ቡሬ አልተመለሰችም፤ በዚያው አገሯ ገብታለች አሉ። ትናንት ማታ ታከለ እውነት መሆኑን ጠየቀኝ። ሁሉንም ነገርሁት።

ዛሬ ጧት ጫማውን እያሰረ «ለቅዳሜ በቅሎ ተከራይቻለሁ። ቋሪት እንሄዳለን» አለ። እናቴን ሊስም ይሁን እኔን ፈትቶ ሊመልሰኝ አልጠየቅሁትም። ያም ሆነ ይህ፣ ቅዳሜ እናቴ ደጅ እቆማለሁ።