የቅዳሜዋ ጀልባ

ለልጄ አባት፣

እንደምን ሰንብተሃል? ወገብህስ እንዴት አደረገህ? የአሳንሰር ሞተር ብቻዬን ካላነሳሁ እያልክ ከሰው ጋር መሟገቱን እንደተውክ ተስፋ አደርጋለሁ። እናትህስ ደህና ናቸው? ጉልበታቸውን ብርድ እንዳያገኘው አደራ በልልኝ። እኔ ደህና ነኝ ልልህ አሰብኩና ተውኩት፤ ደህና አይደለሁም። ልጅቷ ግን አሁን ተኝታለች፣ ትኩሳትም የላትም፣ ስለዚህ አትደንግጥ። መደንገጡን እኔ ለሁለታችንም ደንግጬልሃለሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። ስልክ ላይ ብጀምረው ገና ሳልጨርስ እንጯጯሃለን፤ ግድግዳችን ደግሞ ስስ ነው፣ እሷ ትሰማለች። በወረቀት መጮህ አይቻልም። እስከ መጨረሻው አንብበው፤ መሃል ላይ ተነስተህ እንዳትደውልልኝ።

ነገሩ ሲጀመር ራሱ ጉድ ነበር፣ ታስታውሳለህ። ሐኪሟ የልጅቷ ራስ ምታት ማይግሬን ነው ብላ ስትነግረን እኔ አፍታም ሳልቆይ ወደ አንተ ዞርኩ። "ይኸው፣ አንተ የገዛህላት ጌም ነው!" አልኩህ በሰው ፊት። ከዚያ ሐኪሟ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ጌም አዘዘችላት! ኧረ በሕግ! ክኒኑ አነሰና ጌም! ለዚያውም ተቀምጠው የሚጫወቱትን ሳይሆን ቆመው፣ ዘለው፣ ጎንበስ ቀና ብለው የሚጫወቱትን። አንተ ሳቅህን ለመዋጥ ጣሪያ ጣሪያውን ስታይ እኔ በንዴት ጨስኩ።

የሰውነት እንቅስቃሴ የምታሠራት ፊዚዮቴራፒስቷ ስታስረዳን ግን ገባኝ። ራሱን የሚያመው ልጅ መንቀሳቀስ ይፈራል አለችን። ብንቀሳቀስ ይነሳብኛል እያለ አንገቱን ያደርቃል፣ ከጓደኞቹ ይርቃል፣ ሚዛኑን መጠበቅ እንኳን ያቅተዋል። ጨዋታ ሲሆን ግን ሰውነቱ ፍርሃቱን ይረሳና ቀስ በቀስ ይለምዳል። ክፍሉንም ለዚሁ አዘጋጅታዋለች፦ ወፍራም መጋረጃ፣ ደብዘዝ ያለ መብራት፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ትልቅ ስክሪን፣ ወለሉ ላይ በቀለም የተሰመረ የእግር መቆሚያ። ሕጓ አንድ ብቻ ነው። ሕመሙ ገና ሲጀማምር እጅ ማንሳት። ልጅቷ ብቻ ሳትሆን አብሯት የሚጫወት ሰውም ምልክቱን ካየ እጁን ያነሳል። እጅ ሲነሳ ካሜራው ያያል፣ ጨዋታው ይቆማል፣ የዚያን ቀን በዚያው ያበቃል። እዚህ ክፍል ማሸነፍ የለም፤ ጎበዝ የሚባለው በጊዜ እጁን ያነሳ ነው ብላን ነበር።

ማክሰኞ ማክሰኞ ከእኔ ጋር ስትሄድ እጇን ታነሳ ነበር። ለእኔማ ምን ገዷት! አንዳንዴ ገና ሳንጀምር ታነሳለች። ውሃ እንጠጣለን፣ ምንጣፉ ላይ ትንሽ ትጋደማለች፣ ወደ ቤት እንሄዳለን። ቅዳሜ ግን፣ አንተ በምትመጣበት ቀን፣ ሦስታችን የጌሙ ጀልባ ላይ ስንወጣ አንድም ቀን እጇን አላነሳችም። ስክሪኑ ላይ ሦስት ቀዛፊዎች፤ እኛ ስናዘነብል ጀልባዋም ታዘነብላለች፣ ቅርንጫፍ ሲመጣ ካላጎነበስን እንመታለን፣ አንዳችን ከቆምን ሁላችንም እንቆማለን። አንተ ጫማህን አውልቀህ፣ አውራ ጣትህ በካልሲህ ቀዳዳ ብቅ ብሎ፣ "አለቃ፣ ወዴት ልቅዘፍ?" ትላታለህ። እሷም "ግራ! አባዬ፣ ግራ አልኩህ እኮ!" እያለች ታዝሃለች። እኔም ስስቅ ሰምተኸኛል። ከተለያየን ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

ያኔ ነው እኛ ሁለት ብልሆች ያንን ትልቅ ግኝት ያገኘነው። "ሦስታችን ስንሆን እኮ አያማትም!" ተባባልን። አንተማ ደረትህን ነፍተህ የቤተሰብን ያህል መድኃኒት የለም አልክ፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ አልተከራከርኩህም። ማክሰኞው ይቅርና ቅዳሜ ብቻ ይሁንላት ብለን ፊዚዮቴራፒስቷን ለመንናት። ክኒኑንም እንድትቀንስላት ሐኪሟን ልናነጋግር ተስማማን። ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድን ሙሉ መጋረጃ ዘግታ ስትተኛ ጨዋታው አድክሟት ነው አልኩ። አንተም ደውለህ ስትጠይቀኝ ደክሟት ነው፣ ድካሙ ለጤናዋ ነው አልኩህ። ለጤናዋ! አፌን በቆረጠው።

ያለፈው ቅዳሜ ጨዋታው እንዳለቀ አንተ ሰው አሳንሰር ውስጥ ተይዟል ተብለህ እየሮጥክ ወጣህ። አለቃ እስከ በሩ ሸኘችህ፣ ኮሪደሩን ጨርሰህ እስክትታጠፍ ቆማ አየችህ፣ ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገባች። ቆየችብኝ። ሹራቧን ይዤ ሄድኩ። ቧንቧው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ውሃው ይፈሳል፤ ከውሃው ድምፅ ጋር ሌላ ድምፅ ሰማሁ። በሩን ስገፋው ልጄ ወለሉ ላይ ናት። አስመልሷታል። ጉንጯን ቀዝቃዛው ሴራሚክ ላይ ለጥፋ፣ ድምፅዋ እንዳይሰማባት እጅጌዋን ነክሳ ታቃስታለች።

አጠገቧ ተንበረከክኩ። እሷ ግን ቀና ብላ አይታኝ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ምን መሰለህ? "አባዬ ሄዷል?" አለችኝ። ሄዷል አልኳት። "እሺ፣ አሁን መብራቱን አጥፊልኝ" አለች። አስበው እስቲ! አንተ እስክትሄድ ጠብቃ ነው እኮ የታመመችው። ጣቷን መርፌ ቢነካት ሰፈሩን የምትቀሰቅስ ልጅ ይህን ሁሉ ቻይነት ከየት አመጣችው?

ጨለማው ውስጥ ወለሉ ላይ ተቀምጬ አቀፍኳት። ከመቼ ጀምሮ ነው አልኳት። ከመጀመሪያዋ ቅዳሜ ጀምሮ ነው። ታዲያ ለምን እጅሽን አላነሳሽም አልኳት። ይሄ እንኳን አይገባሽም በሚል ድምፅ፣ "ካነሳሁ ይቆማላ። ከቆመ አባዬ ጫማውን ያደርጋል" አለችኝ። ይኸው ነው። ሌላ ምክንያት የላትም። እኔና አንተ ድናለች ብለን ስንደሰት እሷ አንተን ለማቆየት እዚያ ቆማ ትቀዝፍ ነበር።

ፊዚዮቴራፒስቷም መጥታ አጠገባችን ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እሷም የዚያኑ ቀን ጠርጥራ ኖሯል። ስክሪኑ ላይ ያለችው የልጅቷ ቀዛፊ አንገቷን ወደ አንድ ጎን ስትጥል አይታ ብትጠይቃት፣ አለቃ ወገቧን ይዛ፣ አንገቴን ላፍታታ ብዬ ነው ብላ ሸውዳታለች። ጌሙ አልጎዳትም አለችኝ፤ የጎዳት መደበቁ ነው። ሕመሙን ከአመጣጡ አውቃ ማረፍን ልታስተምራት ስትለፋ ልጅቷ መቻልን ተማረች። ክኒኑ እንዳለ ይቀጥላል፣ ማክሰኞም አይቀርም። ልቆጣ ፈልጌ ነበር፣ ግን በማን ልቆጣ? በአንተ? በጀልባዋ? አንገቴን ደፍቼ ሹራቧን አለበስኳት።

አሁን የከበደኝ ነገር ላይ ደረስኩ። ሥራዬን ታውቀዋለህ፤ ስውል የምውለው የሰው ፊት ላይ መነጽር ሳስተካክል ነው። የሰው አንዱ ጆሮ ከሌላው ትንሽ ዝቅ ቢል አየዋለሁ። ደንበኛዬ ተመችቶኛል እያለኝ አፍንጫውን እንደቆረጠው ከዓይኑ አውቃለሁ። ያን ቅዳሜ ጀልባዋ ስክሪኑ ላይ ያለው ድልድይ ጋ ሳትደርስ የልጄ ከንፈር ነጭ ሲሆን አይቻለሁ። አንድ ዓይኗን ጨፈን ስታደርግም አይቻለሁ። መብራቱ ነው አልኩ ለራሴ። እጄን ማንሳት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አንተ በዚያ በኩል እየሳቅክ "ቅዘፊ እንጂ፣ ምን ቆመሽ ታያለሽ!" አልከኝ፤ እኔም ቀዘፍኩ።

አንተ አይተህ እንደሆነ አልጠይቅህም። አይተህም ከሆነ አትጻፍልኝ፣ አልችለውም።

ፊዚዮቴራፒስቷ የምትለው ይህን ነው። የፊታችን ቅዳሜ ትመጣለህ። ጀልባዋ ትከፈታለች፤ አለቃ ባያማትም ለልምምድ እጇን ታነሳለች፣ ጨዋታው ይቆማል። ያኔ አንተ ጫማህን አትፈልግም። ስልክህን አታይም፤ አሳንሰሩን ለጓደኛህ አደራ በለው። ምንጣፉ ላይ ቁጭ ትላለህ፣ ምንም ሳትሠራ፣ እሷ ራሷ በቃ እንሂድ እስክትል። ይህን ደጋግማ ካላየች እጇ አይነሳም፤ እጇ ካልተነሳ ደግሞ ሕመሙ እየባሰባት ነው የሚሄደው። በአንተ በኩል የታዘዘው መድኃኒት መቀመጥ ብቻ ነው።

ከክሊኒኩ ስንወጣ የምትሄድበት ካለህ፣ የምትጠብቅህም ካለች፣ ከአሁኑ ንገረኝ። አልቆጣም። እሷን እኔ አዘጋጃታለሁ። እኔን ማን እንደሚያዘጋጀኝ ግን እንጃ።

ከወጣህበት ሁሉ በሰላም ያውርድህ። ለእናትህ ረጅም ዕድሜ፣ ለአንተም ጤና ይስጥልኝ።

የልጅህ እናት