ወደ ግራ ስለማይዞረው አንገቴ

ይድረስ ለተከበሩ የመድን ድርጅቱ የካሳ ክፍል ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ከርሟል? በተለይ አንገትዎ እንደምን ነው? እኔ ከአንገቴ በስተቀር ደህና ነኝ፤ አንገቴም ቢሆን በእናንተ ሐኪም አባባል ወደ ቀኝ እስከዞረ ድረስ ደህና ነው። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ያወጣሁት ቀደም ብዬ በእጄ ያስረከብኳችሁን ማመልከቻዎች ጆሮ ዳባ ልበስ ስላላችኋቸው እንጂ፣ እርስዎን የሚያህል ሰው ለማሳጣት ፈልጌ አይደለም። ቢበዛ ትንሽ ብቻ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ሥራዬ መኪና መንዳት ማስተማር ነው። ለማጁ በግራ በኩል መሪውን ይይዛል፤ እኔ በቀኙ ወንበር እግሬን ትርፍ ፍሬኑ ላይ አድርጌ፣ አንዴ እሱን አንዴ መንገዱን እያየሁ የሁለታችንንም ነፍስ እጠብቃለሁ። አንድ ቀን ቀይ መብራት ላይ ቆመን፣ ወደ ለማጁ ዞሬ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ እንዲለቅ እያስረዳሁት ሳለ፣ እናንተ ዘንድ ዋስትና የተገባለት የዕቃ መኪና ከኋላ መጥቶ ገጨን። ሹፌሩ ወርዶ ጥፋቱ የራሱ መሆኑን ሳይጠየቅ ተናገረ፤ ትራፊክ ፖሊሱም ይህንኑ ጻፈ። ለማጁ በድንጋጤ ብቻ ተረፈ። የእኔ አንገት ግን ከዚያን ዕለት ጀምሮ ወደ ግራ አልዞርም ብሎ ቀረ። ካሳ ልጠይቅ በመጣሁ ጊዜ የዋላችሁልኝን ውለታ ሁሉ ዘርዝሬ ባልዘልቀውም፣ ዋና ዋናው ይኸውላችሁ።

አንደኛ፣ የክፍልዎ ተደራዳሪ የሆነው ወጣት የጉዳቴ ግማሽ የራሴ ጥፋት መሆኑን በታላቅ ትሕትና ስላስረዳኝ አመሰግናለሁ። መኪናው ሲገጨን ፊቴን ወደ ግራ ባላዞር ኖሮ አንገቴ ይህን ያህል ባልተጎዳ ነበር ብሎኛል። እውነቱን ነው፤ ቤቴ ተኝቼ ብውልም ባልተጎዳሁ ነበር። ፊቴን ወደዚያ ያዞርኩት እንጀራዬ በዚያ በኩል ስለተቀመጠ ነው ብዬ ብነግረው፣ ለማንኛውም ብሎ መጻፉን ቀጠለ። ይቺ ለማንኛውም የምትባል ቃል የካሳዬን ግማሽ ቅርጥፍ አድርጋ በላችው።

ሁለተኛ፣ ሐኪማችሁ ከወንበራቸው ሳይነሱ ስለመረመሩኝ ምስጋናዬ ይድረሳቸው። ወደ ቀኝ ዙር አሉኝ፣ ዞርኩ። ወደ ግራ ዙር ቢሉኝ ከወገቤ ጀምሬ እንደ በር ተከፈትኩላቸው። እሳቸውም ዞሯል ብለው ጻፉ። ትንሽ ቢታገሱኝ ወንበሩንም ጨምሬ እዞርላቸው ነበር። የራሴ ሐኪም ነርቭ እንደተጫነ፣ ሕክምናው ረጅም እንደሆነ፣ ምናልባትም ቀዶ ጥገና እንደሚያስፈልገኝ በራጅ አስደግፎ ሲጽፍልኝ ደግሞ፣ ወደፊት የሚሆነውን የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው የሚል መልስ ሰጣችሁኝ። ድርጅታችሁ እንዲህ መንፈሳዊ መሆኑን እስከዚያን ቀን አላውቅም ነበር።

ሦስተኛው ሆዴን ያሳረረው ነው። በመጨረሻው ደብዳቤዎ፣ በገዛ ፊርማዎ፣ ለማጅ ማሠልጠን ወደ ግራ መዞርን የግድ የማይጠይቅ ሥራ ስለሆነ ያለኝ አንገት ለሥራው በቂ ነው ብለዋል። ወይ ጉድ! ወደ ግራ በማየቴ ግማሽ ካሳዬን ተቀጣሁ፤ አሁን ደግሞ ወደ ግራ ማየት ምን ያደርግልሃል ተባልኩ። ለመሆኑ እነዚህን ሁለት ነገሮች የጻፉት ሰዎች አንድ ቢሮ ውስጥ ነው የሚሠሩት? ሰላምታስ ይለዋወጣሉ?

ያም ሆኖ የእርስዎን ቃል አምኜ፣ እጄም ስላጠረኝ፣ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ባለቤቴ እንደተኳረፈ ሰው ፊትህን ወደ መስኮት አዙረህ ነው የምታስተምረው እያለች ሳቀችብኝ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። አንዲት ለማጅ ይዤ አደባባይ ስንገባ አንድ ብስክሌት ነጂ ከግራ በኩል ከች አለ። እኔ አላየሁትም፤ ፍሬን የያዘችው ልጅቷ ናት። ሰውየው የመኪናውን አፍንጫ በመዳፉ መትቶ፣ እናቴን ሰድቦ ሄደ፤ አልተቀየምኩትም። ክቡር ሆይ፣ ፈራሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። የሰው ልጅ አጠገቤ አስቀምጬ፣ የሌላ ሰው ልጅ ላስገድላት ነበር። የመኪናውን ቁልፍ ለትምህርት ቤቱ ባለቤት አስረከብኩ፤ ልጅቷንም አንገቱ ለሚዞር ባልደረባዬ ሰጠኋት። ይኸው ከዚያ ወዲህ ቤቴ ተቀምጫለሁ።

ያቀረባችሁልኝ ገንዘብ ጥሩ ትራስ ይገዛልኛል፤ ለዚህ አሳቢነታችሁም አመሰግናለሁ። ነገር ግን ሙሉና የመጨረሻ ክፍያ ተቀብያለሁ በሚለው ወረቀታችሁ ላይ ከፈረምኩ፣ ነገ ቀዶ ጥገና ቢመጣብኝ በራችሁን የማንኳኳት መብት የለኝም። የምጠይቀው የሕክምናዬንና የቀረብኝን ሥራ ነው እንጂ ቪላ አይደለም። ተደራዳሪያችሁ በየጊዜው እየደወለ፣ አባቴ ይፈርሙና ይገላገሉ ይለኛል። የሚገላገለው ማን እንደሆነ እሱም እኔም እናውቃለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ አንገቴን ወደ ታች ዝቅ አድርጌ እጅ እየነሳሁ (ወደ ታች እሺ ይለኛል፤ አደራ፣ ይህንንም ከካሳው እንዳትቀንሱብኝ)፣

ዓለምን በቀኝ በኩል ብቻ የሚያየው
የመንዳት አሠልጣኝ

ሳልጽፈው ብቀር የሚቆጨኝ፦ ያቺ ፍሬን የያዘችው ለማጅ የእርስዎ ልጅ ናት። በመጀመሪያው ቀን አባቷ የት እንደሚሠሩ በኩራት ስትነግረኝ፣ እንዳትሸማቀቅ ብዬ የካሳውን ነገር አላነሳሁባትም። ግራና ቀኟን የምታይ ጎበዝ ልጅ ናት፤ በእናቷ ሳትወጣ አልቀረችም። አንገቴ ለሥራው በቂ ነው በሚለው ቃልዎ አሁንም የሚጸኑ ከሆነ፣ ልጅዎ ልምምዷን ከእኔ ጋር እንድትቀጥል የሚፈቅድ ወረቀት አዘጋጅቼ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው የጎደለው። እርስዎ የእኔን በፈረሙ ዕለት፣ እኔም የእርስዎን እፈርማለሁ።