ትራሱ ላይ የተጠለፈው ስም

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ፤

ጉልበትዎ እንዴት ከረመ? እኛ ከናፍቆትዎ በቀር የጎደለብን የለም፣ ተመስገን።

የስፌት ሥራው ደህና ነው፤ ሰሞኑን የተማሪ ዩኒፎርም በዝቶብኛል። በሚቀጥለው ወር እንደሚመጡ ስንሰማ ቤቱ በደስታ ተሞላ።

ልጁ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ያወጡለት የአባትዎ ስም በልደት ወረቀቱ ላይ በደንብ ተጽፏል። ዛሬ ዛሬ የማይሰማ ስም ስለሆነ ደንበኞቼ ሲነገራቸው ይስቃሉ። አንድ ሁለቴ እኔም አብሬ ሳልስቅ አልቀረሁም፤ ይቅር ይበሉኝ። እናቱም አንዳንዴ «ማሙሽ» ትለዋለች፤ የእናት ነገር ያውቁት የለ?

ትናንት ትራሱ ላይ «ማሙሽ» ብዬ የጠለፍኩትን ፈትቼ በስሙ ጠለፍኩት። ክሩ ደብዝዞ ስለነበር ነው።

ሲመጡ በስሙ ጠርተውት ዞር ባይል አይቀየሙት፤ ጨዋታ ከያዘ ጆሮ የለውም። ለነገሩ ከሰኞ ጀምሮ በስሙ እየጠራሁት፣ ዞር ሲልልኝ ብስኩት እሰጠዋለሁ። ልጅ ነው፣ ቶሎ ይይዛል።

ዛሬ ጠዋትም ብስኩቱን ይዤ ስሙን ጠራሁት። ቀና ብሎ አየኝና፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የአባትዎን ፎቶ በጣቱ አሳየኝ።

አንገቴን ደፍቼ ጉልበትዎን እስማለሁ።

ልጅዎ