የፍየሏ ጨጓራና ጥቁሩ ክር

ሰኞ፣ ጥቅምት 10። ጠዋት 1፡30
ቄራ ደርሼ መጣሁ። አራጁ ዛሬም ጨጓራውን ቀዶታል። ስንቴ ለመንኩት! እጁ ለምዷል፤ ሆድ እንደወጣ በቢላ ጫር፣ ፈርሱ እንዲፈስ። ለእኛ ለሐኪሞቹ ልምምድ ደግሞ ያልተቀደደ ነው የሚሆነን። ምን ይደረግ፣ አጥቤ ቀዳዳውን ሰፋሁት። በጥቁር የልብስ ክር፤ የሆስፒታሉ ክር ለበሽተኛ ይቅር ብዬ።

7፡00
የጨጓራውን ለስላሳ ክፍል ከፍየሏ ጉሮሮ ጋር አስረን ሳፋ ላይ አስተኛነው። ከኋላ በሲሪንጅ ቀይ የከርከዴ ሻይ ስንገፋ እንደ ሰው ይደማል። በአፍ በሚገባው የካሜራ ቱቦ ገብቶ የሚደማውን በክሊፕ፣ በትንሿ የብረት መቆንጠጫ፣ መያዝ ነው ልምምዱ። አሠልጣኛችን ወደ አ.አ. ከተመለሱ ወዲህ እኔና ዶ/ር ኦባንግ ብቻ ነን። ኦባንግ ዛሬም ጨጓራውን በሳው። ሁለቴ! እኔ በመጀመሪያው ያዝኩት። እጅሽ የዓሣ አጥማጅ ነው ብሎ ሳቀብኝ። ካሜራው የቀረጸውን ያንቺን ቪዲዮ ላኪልኝ፣ እያየሁ ልማር አለ። ላክሁለት። ባሮ ወንዝ ላይ አብረን ዋና የተማርን ልጆች ነን፤ ምን እደብቀዋለሁ።

ሐሙስ፣ 13
ልምምድ የለም። ኦባንግ ሥራ በዝቶበታል አሉ። ጨጓራው ፍሪዘር ውስጥ ነው። ሙቀቱ ያፍናል።
ዋርድ 2፦ እማማ አሪየት፣ ዓሣ ሻጯ፣ ደም ያስመልሳቸዋል። ለጅማ ሪፈር ተጽፎላቸዋል። እዚሁ ቢሆንልኝ፣ መንገዱን እፈራለሁ አሉኝ።

ዓርብ፣ 14። 10፡00
ጉድ ነው፣ ማስታወሻዬ።
ስብሰባ ነበር። የሆስፒታሉ አስተዳዳሪ፣ የካሜራውን መሣሪያ የሰጡን እንግዶች። ኦባንግ ተነሳ። ሰኞ ዕለት አንድ በሽተኛ ላይ የሠራሁት ነው አለ፤ ሰውዬው ድኖ ኢታንግ ቤቱ ገብቷል አለ። ቪዲዮውን ከፈተ። ጭብጨባ። እኔም አጨበጨብኩ፣ ሞኝ! ከዚያ የምስሉ ጥግ ላይ ጥቁር ክር አየሁ። የእኔ ስፌት። በክሊፕ የያዘው እጅም የእኔ። ደሙ ከርከዴ።
ዞሮ አየኝ። ፈገግ አለ።
የእማማ አሪየት ሪፈር ተሰረዘ። ሰኞ 3፡00 ኦባንግ ይሠራላቸዋል። እኔስ? ወንበሬን ገፍቼ ወጣሁ።

ቅዳሜ፣ 15
ኦባንግን ባሮ ዳር ያዝኩት። አልካደም። ይሄ ነው ያናደደኝ! በሽተኛ ካልታከመበት መሣሪያውን ለሌላ ሆስፒታል ይሰጡታል፣ ለከተማችን ብዬ ነው አለ። እማማ አሪየትንስ ብትበሳቸው? አልኩት። አብረሽኝ ግቢ፣ ካቃተኝ አንቺ ትይዣለሽ አለኝ።
ለካ ሐሳቡ ይሄ ነው። ስሙ የእሱ፣ እጁ የእኔ። እኔም እኮ በሕይወት ያለ ሰው ላይ ሞክሬ አላውቅም። ፍየሏ አትሞትብኝም፤ ሞታ ነው የምትመጣው።
ወንድሜ እለው ነበር። አለቀስኩ። በእሱ ሳይሆን በራሴ፣ ስላመንኩት።

ሰኞ፣ 17። ጠዋት 1፡40
ጨጓራውን ከፍሪዘር አወጣሁ። ክሩ እንዳለ ነው። በፌስታል አድርጌዋለሁ፤ አስተዳዳሪው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ቪዲዮውን ማን ቀረጸው ይለኛል። እኔ። ለኦባንግ ማን ሰጠው? እኔ። ዓርብ ለምን ዝም አልሽ?
መሣሪያውን ከወሰዱትም ይውሰዱት።
ኦባንግ እየደወለ ነው። አላነሳም። መጀመሪያ ዋርድ 2። ሌላ ሰው ሳይነግራቸው እማማ አሪየት ከእኔ ይስሙ፦ ያ ድኗል የተባለው ሰውዬ የቄራ ፍየል ነው።