የመስኮቱ ሰዓት

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ዛሬም ከቤት ሆኜ ሠራሁ። ከየካ አባዶ መሀል ከተማ ድረስ በታክሲ ከመንገላታት ይሻላል። ይሻላል?... አባዬ ከሶፋው ላይ፣ «ስንት ሰዓት ነው ልጄ?» አለኝ። ነገርኩት። ሻዩ ሳይበርድ ደግሞ ጠየቀኝ። የገዛሁለትን የእጅ ሰዓት «አይታየኝም» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ከትቶታል። ዕድሜውን ሙሉ ሰዓት ሲጠግን የኖረ ሰው...

የቀበና ሱቁ ከፈረሰ ወዲህ እኔ ጋ ነው። ትልቁን የሱቅ ሰዓት በጨርቅ ጠቅልሎ አልጋው ሥር አስገብቶታል። እንስቀለው ስለው፣ ማን ሊያየው ይላል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ዕቃ የሚያደርሱ ሞተረኞቻችንን የሚከታተለው ፕሮግራም አዲሱ የኮምፒውተር ማሽን ላይ ይንቀራፈፋል። አብሮኝ የሚሠራው ጠሀ ደወለ። ፕሮግራሙ ለሚመዘግበው ነገር ሁሉ ሰዓት እየጠየቀ ማሽኑን አሰልችቶታል አለኝ። «እኔም ቤት እንደዚያው ነው» አልኩት። ተሳሳቅን።

አባዬ ሰማ። እስኪተኛ ድረስ አንዴም አልጠየቀኝም። ምን አለ አፌን ብሰበስብ?

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ቢሮ ገባሁ። ጠሀ ችግሩን አግኝቶታል። ለአለቃችን ለሒሩት ሲያስረዳት ሰማሁ። ማሽኑን የሚያስተዳድረው ከርነል የሚባለው ዋናው ፕሮግራም ነው፤ ፕሮግራም ሰዓት በፈለገ ቁጥር እሱ ዘንድ ገብቶ ሥራ ካስፈታው ሁሉም ይዘገያል። ስለዚህ ከርነሉ ሰዓቱን አንድ ገጽ ላይ ይለጥፋል። ፕሮግራሞች ሳይገቡ አይተው ያልፋሉ፤ ማየት እንጂ መንካት አይችሉም። ገጹ እየተስተካከለ ሳለ የደረሰ ፕሮግራም «ቆይ» የሚለውን ምልክት አይቶ እንደገና ያነባል። የእኛ ማሽን ግን በፍጥነት የሚነበበውን የራሱን ሰዓት ስላላመነው ሁሉንም ከርነሉ ዘንድ እያስገባ ነው የሚመልሰው።

ሒሩት ትጠይቃለች፤ እኔ በሐሳብ ቀበና ነኝ... መንገደኛው ሁሉ እየገባ «ስንት ሰዓት ነው?» ሲለው፣ አባዬ አጉሊ መነጽሩን ከዓይኑ ማንሳት ሰለቸው። ትልቁን ሰዓት መስኮቱ ላይ፣ ከመስታወቱ ጀርባ፣ ፊቱን ወደ መንገድ አዙሮ ሰቀለው። ከትምህርት ቤት ስንመለስ እሱን አይተን ነበር የምንሮጠው። ሲያስተካክለው ጨርቅ ይጥልበታል። ጨርቅ ያየ ቆም ብሎ ይጠብቃል፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። እንዴት ናፈቀኝ ያ መስኮት!

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

አባዬ መታጠቢያ ቤት ሳለ ሰዓቱን አውጥቼ ከሶፋው ትይዩ ሰቀልኩት። ላፕቶፔን እያየሁ አስተካከልኩት። ሲመለስ አየውና ቆመ።

«ስምንት ሰዓት? ቁርስ ሳንበላ?»

ለካ የፈረንጁን አቆጣጠር ነው የሞላሁት! ገና ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው። አባዬ ሳቀ። ሲስቅ ካየሁት ስንት ጊዜዬ...

አውርጂልኝ አለ። ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። ላግዝህ ስለው በክርኑ ገፋኝ። ነጠላዬን ከወንበሩ አንስቶ ሰዓቱ ላይ ጣለና ከሥሩ እጁን አስገባ።

«እስክጨርስ አትይ።»

አላየሁም። እንደ ድሮው ቆሜ ጠበቅኩ። እንባዬ መጣ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ጠሀ ማሽኑን አስተካከለው፤ ፕሮግራሙ አሁን ገጹን እያየ ይሮጣል። አባዬም አይጠይቀኝም። ቀና ይልና ያያል። ሥራዬ ተቃለለ።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ዛሬም አልጠየቀኝም። የፈለግኩት ይህን አልነበር? ሲጠይቀኝ ቢያንስ ቀና ብዬ አየው ነበር። አሁን እሱ ሰዓቱን ያያል፣ እኔ ላፕቶፔን። ቤቱ ጭር ብሏል። ፕሮግራም የሚፈልገው መልሱን ብቻ ነው። አባዬ ግን...

ላፕቶፑን ዘጋሁ። ሻይ ቀድቼ፣ ለሰዓቱ ጀርባዬን ሰጥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«አባዬ፣ ስንት ሰዓት ነው?»

«አይታይሽም እንዴ?»

«አይታየኝም።»

ትክ ብሎ አየኝ። «ዘጠኝ ሊሆን ነው፣ ልጄ» አለ። ከዚያ የቀበና ወሬ ተነሣ፤ መስኮቱ፣ ድልድዩ፣ ሰዓቱን በጥፊ ሲመታ የኖረው ደንበኛው... ሻዩ ሳይበርድ ደግሜ ጠየቅኩት።